ኬላ ላይ የተመለሰ ቃል

የአባቴና የእናቴ ፍራሽ መንገድ ዳር ጉድጓድ ተቆፍሮለት ተቀብሯል ብላችሁ ትስቁ ይሆናል። ሳቁ፤ እኛም በኋላ ስቀናል። በዕለቱ ግን ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሜ ሳለቅስ ያዩኝ የኬላ ሰዎች፣ «ይህቺ ልጅ ለአንድ አሮጌ ፍራሽ እንዲህ የምትሆነው ምን ነክቷት ነው?» ሳይሉ አልቀሩም። ያለቀስኩት ለፍራሹ አልነበረም። ለማን እንደነበር ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኛ ዲላ ገበያው አጠገብ የጨርቅ ሱቅ የነበረን ሰዎች ነን። አባቴ ከድር በልጅነቱ ከስልጤ አገር መጥቶ፣ ጨርቅ ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ ከዲላ እስከ ገደብ ገበያ ለገበያ እየዞረ ሲሸጥ ኖሮ በኋላ ሱቅ የከፈተ ሰው ነው። እናቴ ዘይነባ ትባላለች። ታላላቅ እህቶቼ አግብተው ከቤት ስለወጡ ከእነሱ ጋር የቀረሁት የመጨረሻዋ ልጅ እኔ ሩቂያ ብቻ ነበርኩ። ቤታችን ውስጥ ስልጥኛ፣ ሱቅ ውስጥ አማርኛ፣ ገበያ ላይ ጌዴኦኛ ነው የሚነገረው። አባቴ በጌዴኦኛ ሲቀልድ ከገጠር የመጡ ገበሬዎች፣ «አንተ እኮ የኛው ሰው ነህ፤ ተሳስተህ ነው ሌላ ቦታ የተወለድከው» ይሉት ነበር። ይህን የምነግራችሁ በኋላ ስለሚያስፈልገን ነው።

ጥላሁንን ያወቅኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ውጤት ስጠብቅ ዱመርሶ የሚባል የቡና አገር አስተማሪ ሆኜ ተመደብኩ። መጀመሪያ ያስተማርኩ ዕለት አንድ ጎልማሳ ከእናቶቹ ኋላ ገብቶ ተቀመጠ። ዱላዬን ይዤ «ሀ» ስል «ሀ» ይላል፤ «ሁ» ስል «ሁ» ይላል። ከዳር እስከ ዳር አንድም ሳይስት ተከትሎኝ ሲጨርስ ጎበዝነቱ ደነቀኝና፣ «ጎሽ! እዩት፣ እንደሱ ሁኑ» አልኳቸው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አንዲት ሴትዮ እንባዋን እየጠረገች፣ «የኔ ልጅ፣ ይሄ እኮ ዲፕሎማ ያለው ነው!» አለችኝ።

ጥላሁን የዚያው የዱመርሶ ልጅ ነበር። ግብርና ተምሮ ዲላ ግብርና ጽሕፈት ቤት የሰብል በሽታ የሚመረምር ሠራተኛ ሆኖ ቅዳሜ ቅዳሜ ወላጆቹን ሊጠይቅ ይመጣል። እንዴት እንዳታለለኝ ስቆጣው፣ «አንቺ ስታስተምሪ ያላወቅኩት ፊደል ያለ መሰለኝ» አለኝ። እንግዲህ ነገሩ ከዚያ ጀመረ። ዘመቻው አልቆ ዲላ ከተመለስኩም በኋላ ቅዳሜ ከሰዓት ሱቃችን ይመጣል፤ አቡጀዲ ይጠይቃል፤ ይለካል፤ ሳይገዛ ይሄዳል። አንዳንዴም ይገዛል። ምን ያህል አቡጀዲ ቤቱ ተከምሮ እንደነበር አላህ ይወቀው። እጄን እንኳ ይዞኝ አያውቅም። እሱ የጴንጤ ቤተሰብ ልጅ ነው፤ እኔ የሙስሊም። ሁለታችንም ይህን እናውቃለን፤ ሁለታችንም አናነሳውም። «እስከ ቅዳሜ ደህና ሁኚ» ብሎኝ ሲሄድ የሚቀጥለው ቅዳሜ እስኪመጣ ሳምንቱ ውስጥ ሌላ ቀን ያለ አይመስለኝም ነበር።

ከዕለታት አንድ ቅዳሜ ቀረ። የሚቀጥለውም ቅዳሜ ቀረ። አልቻልኩም፤ መሥሪያ ቤቱ ሄጄ ጠየቅኩ። «ጥላሁንማ ዝውውር ጠይቆ ሄዷል» አሉኝ።

ጠይቆ። ተዛወረ ቢሉኝ መንግሥትን አማርር ነበር። «ጠይቆ» የሚለው ቃል ግን ጉሮሮዬ ላይ እንደ አጥንት ተሰንቅሮ ቀረ።

ከዚያ ጥቂት ወራት ቆይቶ አዲስ አበባ መርካቶ ሱቅ ያለው ታላቅ አጎቴ ታመመና አባቴን መጥተህ ሱቁን ያዝልኝ አለው። ዲላም ንግዱ ቀዝቅዟል። አጎቴ በዚያው ለእኔ አንድ ነጋዴ አጭቶልኝ እንደነበርም ሰማሁ። ቤተሰቡ መላ ዕቃውን ጭኖ እንዲሄድ ተወሰነ። እኔም እሺ አልኩ። እምቢ የምልበት ምን ነበረኝ?

በዚያን ጊዜ ቡና ከአካባቢው ይዞ መውጣት ቀልድ አልነበረም። ለቤት ፍጆታ ተብሎ ከሚፈቀደው በላይ የተገኘበት ሰው የኢኮኖሚ አሻጥረኛ ተብሎ ይታሰራል፤ መኪናውም ይወረሳል። በዚያ ላይ እንሰትን የሚያደርቀው የአጠውልግ በሽታ ገብቶ ስለነበር ከእኛ አገር የሚወጣ የቤት ዕቃ ሁሉ ቅጠል፣ ችግኝና አፈር እንዳይዝ ሲዳሞንና ሸዋን በሚለየው ኬላ ላይ እየወረደ ይፈተሻል።

ይህን ሁሉ እናቴ ታውቃለች። ቢሆንም ከጉዟችን ዋዜማ አባቴ መስጊድ ሲሄድ ጠብቃ ጠራችኝና የመኝታ ክፍሉን በር ዘጋች። ፍራሹ በደረቅ የእንሰት ቅጠል የተሞላ የድሮ ፍራሽ ነው። ጎኑን በምላጭ ተርትራዋለች። አልጋው ሥር በአቡጀዲ ከረጢት የተቋጠረ ቡና ተደርድሯል።

«እማ፣ አብደሻል?»

«አዲስ አበባ ሰው ገብስ ቆልቶ ነው አሉ የሚጠጣው። የታመመ ሰው ቤት ባዶ እጄን ልግባ? ከዲላ መጡ ተብሎ?»

«ቢይዙንስ?»

«የአሮጊት ፍራሽ ማን ያያል! ይልቅ መርፌው ላይ ክሩን አስገቢልኝ፤ ዓይኔ አያይም።»

«ለአባስ?»

«ለአባትሽማ አትንገሪው። አባትሽ ውሸት ፊቱ ላይ ይጻፍበታል» አለችና መርፌውን ተቀበለችኝ።

በማግሥቱ በጧት አሰፋ የሚባል የምናውቀው ሾፌር ፊያት የጭነት መኪናውን ይዞ መጣ። ቁምሳጥኑ፣ ቡፌው፣ የሽቦ አልጋው፣ የስፌት መኪናው፣ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለው ቆጮ፣ ሁሉም ተጫነ። ፍራሹ ከላይ ሆነ። ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ አልቅሶ ሸኘን። መኪናው ሲንቀሳቀስ አባቴ ወደ ሱቁ አልዞረም። እኔ ግን ከከተማው እስክንወጣ ዓይኔ የሚፈልገው አንድ ሰው ነበር። በመንገድ ዳር የሚሄድ ቀጠን ያለ ሰው ባየሁ ቁጥር ልቤ ይደነግጣል። አንዱም እሱ አልነበረም።

አዋሳን አልፈን ኬላው ጋ ስንደርስ ፀሐይዋ በርትታለች። በመንገዱ ላይ እንጨት ተጋድሟል። የኬላው ኃላፊ አሥር አለቃ ደምሌ የሚባል ከሰሜን የመጣ ቆፍጣና ሰው ነው። እጁ ላይ የክንድ ያህል ርዝመት ያለው ሹል ብረት ይዟል። በዚያ ብረት ጆንያውንም፣ ትራሱንም፣ ፍራሹንም ወግቶ ሲያወጣው ጫፉ ጎድጎድ ያለ ስለሆነ ውስጥ ያለውን ቆንጥሮ ያመጣል።

«አውርዱ!» አለ። «ሁሉንም!»

ኑሯችን በሙሉ ሣሩ ላይ ተዘረጋ። በሕይወቴ እንደዚያ ተጋልጬ አላውቅም። ቡፌው ሜዳ ላይ ቆሟል፤ አልጋው ከጎኑ፤ የእናቴ ድስቶች ፀሐይ ላይ ያብለጨልጫሉ። በአውቶቡስ የሚያልፉ ሰዎች በመስኮት ያዩናል። አባቴ ከወንበሮቻችን አንዱን ስቦ ሜዳው መሀል፣ እንግዳ እንደሚጠብቅ አባወራ፣ ተቀመጠ።

«የግብርናውን ሰው ጥሩት፣ ቅጠል አለ እዚህ» አለ አሥር አለቃው።

ከቆርቆሮ ቤቷ ውስጥ ካኪ ኮት የለበሰ ሰው ወጣ። ፀሐዩን በእጁ ከልሎ ወደኛ መጣ። አረማመዱን ከሩቅ አውቄዋለሁ፤ ግን ዓይኔን አላመንኩትም። አጠገባችን ደርሶ እጁን ከግንባሩ ሲያወርድ እናቴ፣ «ያ አላህ» አለች በሹክሹክታ።

ጥላሁን ነበር።

አየኝ። እኔም አየሁት። ከስቷል። ሊናገር አፉን ከፈተና አሥር አለቃውን ተመልክቶ መልሶ ዘጋው። ወደ አባቴ ዞሮ፣ «ጤና ይስጥልኝ ጋሽ ከድር» ብሎ ጎንበስ አለ። አባቴ ከወንበሩ ብድግ አለ፤ ሰላምታውን የመለሰው ግን መሬት መሬት እያየ ነው። ያኔ ነገሩ ገረመኝ። አባቴ ሰው ፊት አንገቱን የሚደፋ ሰው አልነበረም።

«ትተዋወቃላችሁ?» አለ አሥር አለቃው።

«የዲላ ሰው ሁሉ ይተዋወቃል» አለ ጥላሁን፤ ወዲያው የቆጮውን ጥቅል ፈትቶ ቅጠሉን ለብቻ፣ ቆጮውን ሳፋ ላይ አድርጎ ሥራውን ጀመረ። አንዱን ቅጠል ሁለት ጊዜ መረመረው። እኔ እንጂ ሌላ ሰው ያየው አይመስለኝም።

አሥር አለቃው ትራሶቹን ወጋ። ምንጣፉን ፈታ። የዱቄት ጆንያውን ወጋ። ከዚያ ፍራሹ ጋ ደረሰና በእግሩ ነካ ነካ አደረገው።

«ይሄ ከባድ ነው። ምን አለበት?»

«ቅጠል» አለች እናቴ ቀስ ብላ።

አባቴ ብልጭ አለበት። በሜዳ ላይ መዘርገፉ ሲያንገበግበው ቆይቶ ነበርና፣ «የሚስቴን አልጋ ደግሞ ልትወጋ ነው? እኔ ሌባ አይደለሁም! ወላሂ፣ በዚህች ልጄ እምላለሁ፣ አንዲት ፍሬ ቡና ከኔ ጭነት ከተገኘች እሰረኝ! ውጋው! ቅደደው! ይኸው!» ብሎ ፍራሹን እሱ ራሱ ጎትቶ አሥር አለቃው እግር ሥር ጣለለት።

እናቴ ቡፌውን ተደገፈች።  አባቴ በእኔ ስም የማለው እውነት መስሎት ነው፤ መርፌው ላይ ክር ያስገባሁት ደግሞ እኔ።

«መሐላ እዚህ አይሠራም፣ አባት። እዚህ የሚናገረው ብረት ነው» አለና አሥር አለቃው ብረቱን አነሳ።

«ጓድ! እንዳትነካው!»

ጥላሁን ነው። በሁለት እርምጃ ደርሶ በፍራሹና በብረቱ መሀል ቆመ።

«ምን ሆነሃል አንተ?»

«የእንሰት ቅጠል ነው ጓድ። አጠውልጉ በቢላም በብረትም ነው የሚተላለፈው። አሁን ይህን ወግተህበት ነገ የሰው ችግኝ ብትወጋበት በሽታውን በእጃችን አሻገርነው ማለት ነው። መጀመሪያ እኔ ልየው።»

አሥር አለቃው ብረቱን ዝቅ አደረገ፤ ግን አልሄደም። ጥላሁን ተንበረከከና መዳፉን ፍራሹ ላይ አሳረፈ። ቅጠሉ ኮሽ ኮሽ አለ። ወደ መሀል ሲደርስ እጁ ቆመ። የቡና ልጅ ነው፤ ቡና በጨርቅ ውስጥ ሲነካ እንዴት እንደሚሸሽ ያውቀዋል። ቀና ብሎ አየኝ፤ ፊቱን አኮሳትሮ በመርማሪ ድምፅ፣ በጌዴኦኛ ጠየቀኝ።

«ውስጡ ቡና ነው?»

«ቡና ነው» አልኩ በጌዴኦኛ።

«ብዙ ነው?»

«ብዙ ነው።»

«አባትሽ ያውቃሉ?»

«አሁን ሰማ።»

አባቴ ወንበሩ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። እናቴን አያት። እናቴ ሻሿን ወደ አፏ ሳበች።

«በአማርኛ አውራ!» አለ አሥር አለቃው።

«የእንሰቱን ዓይነት ነው የምጠይቃት፤ ስሙ በአማርኛ የለም ጓድ። ቅጠሉ ከየት እንደተቆረጠ ማወቅ አለብኝ» አለ ጥላሁን ዓይኑን ሳይነቅል። ከዚያ የፍራሹን ስፌት በጥቂቱ ከዳር ፈታና አንድ ደረቅ ቅጠል መዝዞ ወደ ብርሃን ከፍ አደረገ። ቅጠሉን እያገላበጠ በጌዴኦኛ፣ «አትፍሪ። አስወግደዋለሁ» አለኝ።

አላህ ያሳያችሁ፣ አባቴ ሊታሰር፣ መኪናው ሊወረስ አንድ ብረት ነው የቀረው። እኔ ግን ከዚያ ሁሉ ወራት በኋላ እፊቴ ተንበርክኮ ሳየው ሌላ ነገር ከአፌ አመለጠኝ።

«ለምን ሳትነግረኝ ሄድክ?»

ቅጠሉ እጁ ላይ ቆመ። «አሁን ይህን አትጠይቂኝ።»

«መቼ ልጠይቅህ? መኪናው እኮ ሊሄድ ነው። ዝውውሩን አንተ ነህ የጠየቅከው አሉኝ።»

«አዎ፤ እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

 ሌላ ቅጠል መዘዘ። ድምፁ እንደ ባለሥልጣን ጠንካራ፣ ቃሉ ግን እንዲህ ነበር፤ «አባትሽ ቢያስፈራሩኝ አልሄድም ነበር። ለመኑኝ። የአባቴ እኩያ ሽማግሌ ለመነኝ። ‹ከዘመዶቼ አታለያየኝ፣ ቃል ግባልኝ› አሉኝ። ቃል ገባሁ። አንቺን ባገኝሽ ቃሌን ስለማልጠብቅ ሳላይሽ ሄድኩ።»

አባቴ ሁሉንም ሰማ። ሁሉም የተባለው እፊቱ ነው። እኔ አላየሁትም፤ ማየት አልቻልኩም።

«ምን አለች?» አለ አሥር አለቃው።

«ከይርጋጨፌ በላይ ካለ ቦታ ነው የመጣው አለች። እዚያ ደግሞ በሽታው ዘንድሮ ብሶበታል። ማለፍ አይችልም ጓድ።»

«እንግዲያው ናፍጣ አምጡና ይቃጠል።»

ይቃጠል! የአሥር አለቃውን ብረት ያመለጥን መስሎን ነበር። ያ ሁሉ ቡና እሳት ሲነካው ሽታው አዋሳ ድረስ ነው የሚሰማው፤ የቡናን ሽታ የሚስት አፍንጫ ደግሞ በኢትዮጵያ ምድር የለም። አንዱ ወታደር ናፍጣ ሊያመጣ ሮጠ። ጥላሁን ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ሲል አየሁ።

«ሣሩ ደርቋል፤ ነፋስም አለ። ቤታችንን ልናነደው ነው» አለ። «ደግሞስ የተቃጠለውን ማን ያምነኛል? ነገ ‹ግማሹ ሳይቃጠል ቀርቷል› ቢባል ተጠያቂው እኔ ነኝ። ይቀበር። እኔው ራሴ እቀብረዋለሁ።»

አሥር አለቃው ፍራሹን አየ፤ ጥላሁንን አየ፤ በሜዳው ላይ የተዘረጋውን ኑሯችንን አየ። ያን ጊዜ የጠረጠረ ይመስለኛል፤ እስከ ዛሬም ይመስለኛል። የአባቴ ሽበት አሳዝኖት ይሁን ወይም ምሳው ደርሶበት፣ ብረቱን ሣሩ ላይ ወልውሎ፣ «ጥልቅ አድርገህ ቆፍር» አለና ወደ ጥላው ሄደ።

ጥላሁን ኮቱን አውልቆ ቆፈረ። አሰፋ ሾፌሩም አካፋ ይዞ አገዘው። ፍራሹን ጎትተው ሲጥሉት ውስጡ ቡናው ሻ ብሎ ተንሸራተተ። አፈሩ ሲመለስበት እናቴ «አልሐምዱሊላህ» ትላለች፣ እኔ አለቅሳለሁ። ያለቀስኩት ለዚያ ነበር። የተወኝ መስሎኝ ስረግመው የከረምኩት ሰው እኔን ያለ ስንብት ጥሎ የሄደው ስለሚወደኝ እንደነበር ገና አሁን ነዋ የሰማሁት!

ዕቃው ተመልሶ ሲጫን አባቴ ከወንበሩ ተነሳ። ጥላሁን አካፋውን ተደግፎ ላቡን ሲጠርግ ወዳለበት ሄደ።  ከዚያ አባቴ በጌዴኦኛ፣ «ያን ቀን የለመንኩህ ነገር አለ» አለው።

«አስታውሳለሁ ጋሽ ከድር። ጠብቄዋለሁ።»

«አየሁ። እኔ የለመንኩህ አንተን ንቄህ አልነበረም፤ ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው። ዛሬ ያ ‹ምን ይለኛል› ያልኩት ሰው አንዱም እዚህ የለም። የደረስክልኝ አንተ ነህ።» አባቴ እጁን ዘረጋለት። «ቃልህን መልሼልሃለሁ። በወግ በማዕረግ ና። መርካቶ ‹የዲላው ከድር› ብለህ ጠይቅ፤ ያሳዩሃል።»

ጥላሁን የአባቴን እጅ ይዞ ጎንበስ አለ። 

እኔ የስፌት መኪናውን መሸፈኛ አንስቼ ወደ መኪናው ስሄድ ባጠገቡ አለፍኩ። ሰው ሁሉ ያየናል። እጅ መጨባበጥ እንኳ አልቻልንም።

«ትጠብቂኛለሽ?» አለኝ።

«እስካሁንስ ምን ሳደርግ ነበር?» አልኩት።

ሳቀ። ያ ከፊደል ማስቆጠሩ ጊዜ የማውቀው ሳቁ ነበር። መኪናው ሲነሳ በመስኮት አንገቴን አውጥቼ አየሁት። አካፋውን እንደያዘ፣ መሀል መንገድ ላይ፣ መታጠፊያው እስኪጋርደን ድረስ ቆሞ ነበር።

አዲስ አበባ ገባን። አባቴ በደረስን ሳምንት አጎቴን፣ «ያጨህላትን ሰው በክብር መልስልኝ፤ ልጄ ሰው አላት» አለው። ከዘመድ ጋር ተኳረፈ። ግድ አልሰጠውም። እኔም ጠበቅኩ። አሰፋ በዚያ መንገድ ሲመላለስ መጀመሪያ መጀመሪያ፣ «አለ፤ እመጣለሁ ብሏል» ይለኝ ነበር። በኋላ አንድ ቀን የኬላው ሠራተኞች ሁሉ መቀያየራቸውን፣ ጥላሁንም ወደ ምዕራብ፣ ሰፋሪዎች ወደሰፈሩበት ቆላ መላኩን ነገረኝ። ከዚያ ወዲህ ወሬው ጠፋ። እንዲያም ሆኖ ጠበቅኩ። ሱቁ ደጃፍ ላይ ጥላ ባረፈ ቁጥር ቀና እላለሁ። አቡጀዲ የሚጠይቅ ደንበኛ ሲመጣ እጄ ይቀዘቅዛል። ዓመት አለፈ፤ ሌላ ዓመት አለፈ። አባቴ ማታ ሱቁን ሲዘጋ አንዳንዴ ቁልፉን እንደያዘ ይቆምና፣ «ቃሉን መልሼለት ነበር እኮ። ምነው ቀረ ያ ልጅ?» ይለኛል። 

የአስተማሪዎች ማሠልጠኛ ገባሁ፤ አስተማሪ ሆንኩ። ዘግይቼ አገባሁ። ባለቤቴ ደግ ሰው ነው፤ ይህን ታሪክ ያውቀዋል። ልጆች ወለድን። ኑሮዬን አልጠላሁትም።

መንግሥት ከተለወጠ በኋላ የድሮ ጎረቤታችን አርፈው ለለቅሶ ዲላ ሄድኩ። ከለቅሶው ቤት ወጥቼ የድሮው ሱቃችን ምን እንደሆነ ለማየት ሄድኩ። መድኃኒት ቤት ሆኗል። ቆሜ ሳየው አንድ ሰው ከኋላዬ፣ «አቡጀዲ የለም እንዴ?» አለ።

ጥላሁን ነበር። ፀጉሩ ሸብቷል። ጨርሶ ወደ አገሩ መመለሱ ነው። ሻይ ቤት ገብተን ተቀመጥን። ስለ ልጆቹ ነገረኝ፤ ስለ ልጆቼ ነገርኩት። ሻዩ ቀዘቀዘ። በመጨረሻ እኔ ነኝ የተናገርኩት።

«ሳትመጣ ቀረህ።»

«መጥቼ ነበር» አለ።

«የት?»

«መርካቶ። ወደ ምዕራብ ስንላክ አዲስ አበባ አንድ ቀን አሳደሩን። የዲላው ከድር ብዬ ጠይቄ ሱቁን አሳዩኝ። ዝግ ነው። ዝናብ ነበር፤ በረንዳው ላይ ቆየሁ። በኋላ አጠገቡ ያለውን ነጋዴ ብጠይቀው፣ ‹ቤተሰቡ በሙሉ ሄዷል፤ ዛሬ አይከፍቱም› አለኝ። ቤተሰብ በሙሉ የሚሄደው ሰርግ ነው ብዬ አሰብኩ። የማን ሰርግ ነው ብዬ መጠየቅ ፈራሁ።»

«ስምህን አልተውክም?»

«ላገባች ሴት ስሜን ትቼ ምን ልሁን ብዬ?»

አባቴ በዚያ ዘመን ከበዓል በቀር ሱቁን በሥራ ቀን የዘጋው አንድ ጊዜ ነው። ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ ሆስፒታል የገባ ዕለት። እኔም፣ እናቴም፣ አጎቴም ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ዱዓ ስናደርግ ነበር፤ ዝናብም ይዘንብ ነበር። ይህን ስነግረው ጥላሁን ስኒውን ወደ ጎን ገፋ አድርጎ፣ «ዳኑ?» አለኝ።

«ዳነ። ዛሬም በሕይወት አለ።»

«ተመስገን» አለ። ከልቡ ነበር ያለው።  ሻዩን ከፍሎ እስከ አውቶቡሱ ሸኘኝ።

እናንተ የምታነቡኝ ሰዎች፣ ምክር አዋቂ አይደለሁም። አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። የምትፈልጉት ሰው ደጅ ሄዳችሁ በሩ ተዘግቶ ብታገኙት፣ «እገሌ መጥቶ ነበር በሉልኝ» ሳትሉ አትመለሱ። ብታፍሩም፣ ብትፈሩም፣ ስማችሁን ተዉ። በሩን የዘጋው መርዶ ይሁን ምጥ፣ በሽታ ይሁን ሰርግ፣ ውጭ የቆመ ሰው በምን ያውቃል? እኔ ከማንም በላይ የተፈለግኩበት ቀን አንድ ቀን ነበር፤ ያን ቀን ሌላ ቦታ ነበርኩ።

ከዲላ ስመለስ አባቴ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ጠበቀኝ። አርጅቷል። ማን እንዳገኘሁ ጠየቀኝ። የዚያን ሁሉ ሰው ሰላምታ በየስማቸው አደረስኩለት። የጥላሁንን ስም ግን አላነሳሁም። ብነግረው፣ «የኔ በሽታ ነው ልጄን ያስቀራት» ብሎ ቀሪ ዘመኑን ይብሰለሰልበታል። «ያን ልጅስ አላየሽውም?» ሲለኝ ራሴን ነቀነቅኩ። እሱም እንደ ልማዱ፣ «ቃሉን መልሼለት ነበር። ምነው ቀረ?» አለ።

አባቴ ካረፈ ጥቂት ዓመታት ሆኑት። አሁን የሚጎዳው ሰው ስለሌለ ለእናንተ ልናገር። አባ፣ ያ ልጅ አልቀረም። መጥቶ ነበር።